የሰኒሳይዱ ደብተር

ሼርሎክ ሆልምስን የማያውቅ የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ደራሲውን ሰር አርተር ኮናን ዶይልንም እንዲሁ። የደራሲውን አባት የሚያውቅ ግን ስንት ነው? እኔ በበኩሌ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት አንድ ወዳጄ ከውጭ ሲመለስ ይዞት በመጣው አልበም ምክንያት ነው። ወዳጄ የመርማሪ ታሪክ ነፍሱ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የኮናን ዶይልን ስም ሲያይ ጊዜ ሌላ ሳያገላብጥ ገዛው። ቤት ገብቶ ሲከፍተው ግን ግድያ የለ፣ መርማሪ የለ፤ ከገጽ ገጽ የሞላው ቅጠል፣ ወፍ፣ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ሰዎችና በቀጭን ብዕር የተጫረ ጽሑፍ ሆነበት። ‹‹ተሸወድኩ፤ እስቲ አንተ እየው›› ብሎ አዋሰኝ። ይኸው አልመለስኩለትም።

አልበሙ ፓዲንግተን ፕሬስ በ1978 ያሳተመው ‹‹ዘ ዶይል ዳየሪ›› ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዳየሪ ይባል እንጂ የዕለት ማስታወሻ ሳይሆን የሥዕል ደብተር ነው። ቻርልስ አልታሞንት ዶይል ይህን ደብተር የጀመረው ማርች 8 ቀን 1889፣ ሃምሳ ሰባተኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ቦታው በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ሞንትሮዝ ከተማ አጠገብ የነበረው ሰኒሳይድ የተባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። ትርጉሙ ፀሐያማው ወገን ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ቤቶች ስማቸው ሁልጊዜ ያማረ ነው። ደብተሩ ከዚያ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ ደብዛው ጠፍቶ ነበር። በ1955 ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ከአንድ ቤት ዕቃ ሲሸጥ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ጋር በጅምላ ተገዛ። ገዢው ዘንድም ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጦ በኋላ ማይክል ቤከር የተባለ ጸሐፊ እጅ ገባ። ቤከር ገጾቹን እንዳሉ አስነሥቶ፣ መቅድምና ማብራሪያ ጨምሮ ለኅትመት አበቃው።

ደብተሩ እንደተከፈተ የሚገኘው ሥዕል ሳይሆን አቤቱታ ነው። ቻርልስ ለተመልካቹ በጽሑፍ ይናገራል። ይህ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእብድ ሥራ ነው መባሉን ልብ እያላችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያም የአእምሮ ጉድለት ወይም የተበላሸ ስሜት የታየበት አንድ ቦታ ብታገኙ ምልክት አድርጉበትና በእኔ ላይ መዝግቡብኝ ይላል። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ እብድ የተባልኩት ስኮትላንዳውያን ቀልድ ስለማይገባቸው ብቻ ነው ብሎ ያማርራል። የማይጎዳ ጨዋ ሰው ነኝ፤ ሐኪሞቹ ሊጠብቁኝ ሲገባ ነጻነቴን የሚነሡኝን አገዙብኝ ይላል።

ይህን ያነበበ ሰው ሥዕሎቹን እንዴት ነጻ ሆኖ ያያል? እኔ አልቻልኩም። የመጀመሪያውን ቀን አልበሙን እንደ ዳኛ አገላበጥኩት። ይህ መስመር ተንቀጥቅጧል ወይስ አልተንቀጠቀጠም? ይህች ሴት ጭንቅላቷ ላይ የተሰካው ምንድነው? ይህ ወፍ ከልጅቱ ስለምን ገዘፈ? ወፍን ከሰው አግዝፈው የሣሉ ጤነኞች ስንትና ስንት ናቸው! ማንም ግን ‹‹ምስክር አምጡ›› አላላቸውም። ቻርልስ ወጥመዱን ራሱ አጠመደ፤ ‹‹እብድ አይደለሁም፣ ፍረዱኝ›› ባለበት ቅጽበት ሥዕሎቹን ከሥዕልነት ወደ ማስረጃነት ለወጣቸው። ይህ የአልበሙ ትልቁ ችግር ነው፤ ምናልባትም ትልቁ ቁም ነገሩ።

ሰውየው ማን እንደነበር ባጭሩ እንይ። ከሠዓሊ ቤተሰብ ነው የተወለደው። አባቱ ጆን ዶይል ከደብሊን ወደ ለንደን የመጣ፣ ‹‹ኤች ቢ›› በሚል መጠሪያ የሚታወቅ የፖለቲካ ካርቱን ሠዓሊ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሪቻርድ ‹‹ፓንች›› የተባለውን ዝነኛ የቀልድ መጽሔት ሽፋን የሠራ ነው፤ ያ ሽፋን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቀየር አገልግሏል። ሌላው ወንድሙ ሄንሪ የአየርላንድ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ኃላፊ ሆነ። ቻርልስን ግን በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በ1849፣ ወደ ኤድንበራ ላኩትና በመንግሥት ሕንፃዎች መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። እዚያው አገባ፤ ሰባት ልጆች ለቁም ነገር በቁለት። በኤድንበራው የሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ግቢ ባለው የውኃ ፏፏቴ ንድፍ ላይ እጁ እንዳለበት ይነገርለታል፤ ከዚህ ሌላ ቢሮው ውስጥ ከፍ አላለም። መጠጥ ጀመረ። በ1876፣ ገና በአርባ አራት ዓመቱ፣ በጡረታ ስም ተሰናበተ። በ1881 መጠጥ ወደሚያስተው የገጠር ቤት ተላከ፤ በ1885 ከዚያ ለማምለጥ ሲታገል ተይዞ ሰኒሳይድ ገባ። የሚጥል በሽታም ነበረበት።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ።

በጣም የሚያምሩት ቅጠሎቹ ናቸው። ይህን ስል ሌላውን ለማሳነስ አይደለም፤ ግን ደጋግሜ ሳገላብጥ ዓይኔ የሚመለሰው እነሱ ላይ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት መስመር ሲያሰምር የኖረ እጅ፣ እዚህ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያገኘውን ተራ ቅጠል አንሥቶ፣ የጅማቱን አካሄድ፣ የጠርዙን መጋዝ፣ የዘንጉን መታጠፍ እንደ ሕንፃ ፕላን ያወጣዋል። ለአለቃ የማይቀርብ፣ ማኅተም የማይመታበት ፕላን! ከዚያ በላይ የውኃ ቀለም በስሱ ያፈስበታል። ቀለሙ እንደ ጤዛ ነው፤ ወረቀቱን ሳያርስ የነካ ነው የሚመስለው። ከቅጠሉ ሥር ሁለት ትንንሽ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ቅጠሉ ጥላቸው ነው። ትልቁ ነገር የመጠኑ ጨዋታ ነው። ቅጠሉ በልኩ ነው የተሣለው፤ ያነሰው ሰው ነው። ግድግዳ ውስጥ የተዘጋበት ሰው ዓለሙ ስትጠብበት ራሱን አሳንሶ፣ አንዲት ዘንግ እንደ ዋርካ እስክትሆንለት ድረስ ቦታ ሰፋ ብሎታል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ቻርልስ እንዲህ ብሎ አልጻፈም። ግን ከሽሙጡ ሁሉ ይልቅ ስለ ሰኒሳይድ የነገረኝ ይህ ነው።

ትንንሾቹን ሰዎች እንግሊዞች ፌይሪ ይሏቸዋል። በእኛ ቋንቋ ቁርጥ ያለ ስም የላቸውም። ዛር አይደሉ፣ አይጠይቁም፣ አይጋልቡም፤ ጋኔን አይደሉ፣ አያስፈሩም፤ መልአክ እንዳንላቸው ደግሞ ምግባራቸው ልል ነው። በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ግን እነሱን መሣል እንደ ፈረስ መሣል ያለ መደበኛ ሥራ ነበር። ወንድሙ ሪቻርድ በ1870 ስለነሱ ብቻ አንድ ግሩም መጽሐፍ አሳትሟል። ስለዚህ ‹‹ፌይሪ የሣለው ስላበደ ነው›› ማለት፣ የእኛን አገር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ‹‹ክንፍ ያለው ሰው የሣለው ስለቃዠ ነው›› እንደማለት ነው። የቤተሰቡ ሙያ ነው የሠራው። እንዲያውም አንዳንድ ቦታ ድካሙ እዚህ ላይ ነው፤ የሴቶቹ ፊት ከወንድሙ መጽሐፍ ተገልብጦ የመጣ ይመስላል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ስኳር።

የዚያን ዘመን ሌላ ‹‹እብድ›› ሠዓሊ ለንጽጽር ማንሣት የግድ ነው። ሪቻርድ ዳድ በ1843 አባቱን ገድሎ ቀሪ ዕድሜውን ተቆልፎበት የኖረ ነው። ከ1855 እስከ 1864 ባለው ጊዜ ቤተልሔም በተባለው የለንደን ሆስፒታል የሠራው የፌይሪዎች ሥዕል ዛሬ ቴት ሙዚየም ይገኛል። የዳድ ሥዕል ትንሽ ሸራ ላይ እስከ ጠርዙ ድረስ ተጠቅጥቋል፤ ሣሩ እንኳ እንደ ሽቦ ነው፣ ተመልካች የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ቻርልስ ግን ነጭ ወረቀት ይተዋል። ገጹን በር ከፍቶ እንደተወው ሰው ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች ‹‹የእብዶች ሥነ ጥበብ›› በሚል አንድ አቁማዳ የሚከቱ ጸሐፊዎች አሉ፤ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩ አይመስለኝም።

ቀልዶቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቻርልስ የቃል ጨዋታ ይወዳል፤ ከሥዕል ሁሉ ሥር አንድ ነገር ሳይጭር አያልፍም። የዋና ቀልዱ ስልት የእኛን ሰምና ወርቅ ይመስላል፤ ግን እንደ ጥሩ ቅኔ ወርቁ ከሰሙ ሥር ተደብቆ አይቆይም፣ ‹‹እዚህ ነኝ›› እያለ ይጮኻል። አንዱ ብቻ ልቤን ነክቶታል። ሚስቱን ሜሪን ሣለና ተስማሚዋ የቤት ገዢዬ አላት። በዚያ ዘመን ‹‹የቤት አገዛዝ›› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የአየርላንድን የራስ አስተዳደር ጥያቄ የሚያመለክት፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተንን መንግሥት በ1886 የጣለ ትኩስ ፖለቲካ ነበር። ከሥሩም ይህኛው አንድነት እንዲፈርስ ያቀረበ የለም የሚል ትርጉም ያለው ነገር ጨመረ። ሰሙ የብሪታንያና የአየርላንድ አንድነት፤ ወርቁ ጋብቻው። ትውልደ አየርላንዳዊ ነውና ቀልዱ በሁለት በኩል ይቆርጠዋል። ይህን ሲጽፍ ከሚስቱ ከተለየ ዓመታት ማለፋቸውን ስናስታውስ፣ የሚያስቀው ነገር ወዲያው ይጠፋል።

ከዚህ የባሰ አለ። አንድ ቦታ ላይ ቻርልስ እንዲህ ያለ ነገር ይነግረናል። ብዙ ደብተሮችን በሥዕል ሞልቻለሁ፤ ለሚስቴ ይላኩ፣ እሷም ለአሳታሚዎች ታሳይልኝ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከሷም ሆነ ከሌሎቹ ዘመዶቼ አንድም ደብተር ደረሰን የሚል ቃል አልመጣልኝም፤ ስለዚህ ጥቅም የሌለው ሆኖ አግኝተውት ይሆናል ብዬ ከመደምደም ሌላ ምን እላለሁ? ይላል። ውድ አንባቢ፣ ይህ ሰው ሥዕል የሚሥለው ለዘላለማዊነት አልነበረም። ቤቱን ለመርዳት ነበር። ሠርቶ ቤተሰቡን ማብላት ያቃተው አባት፣ ተቆልፎበትም የዕለት ሥራውን እየሠራ ደመወዙን ወደ ቤቱ ይልካል፤ ደረሰኝ ግን የለም።

ይህን ገጽ ካነበብኩ በኋላ በሚስቱም በልጁም ላይ ተቆጣሁ፤ አልሸሽግም። ቤከርም ወደዚያው ይገፋል። ሰውየው በዛሬ መለኪያ እብድ የሚባል አልነበረም፤ ሰካራምና የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ለቤተሰቡ ክብር ሲባል ከዓይን የተሰወረ ሰው ነበር ወደሚል ድምዳሜ ያዘነብላል። ለብዙ ጊዜ እኔም በዚህ ኖርኩ።

በኋላ ግን የሆስፒታሎቹ መዝገብ ተጠና። አለን ቤቨሪጅ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 ባወጡት ጽሑፍ ላይ፣ ቻርልስ ተደጋጋሚ የሚጥል በሽታ እንደነበረበት፣ ትዝታው ክፉኛ እየከዳው መሄዱን እናነባለን። ሜሪ በ1892 መጨረሻ ለአንድ ሐኪም የጻፈችው ደብዳቤም አለ። ባሏ ለመጠጥ ሲል የቤቱን ዕቃ ያወጣ እንደነበር፣ የለበሰውን ልብስ ሳይቀር አውልቆ ይሰጥ እንደነበር፣ ሌላ ሲያጣም የዕቃ ማወልወያ ቫርኒሽ እንደጠጣ ትናገራለች። ለደረሱት ደብተሮች መልስ ያልሰጠችው ሴት ይህችው ናት። ሰባት ልጅ ይዛ፣ ቫርኒሽ የሚጠጣ ባል ያላት ሴት ስለ ቅጠል ሥዕል ምን መልስ ትስጥ? ቁጣዬን ዋጥኩት። ቻርልስ ‹‹የማይጎዳ ሰው ነኝ›› ሲል የዋሸ አይመስለኝም፤ የጎዳውን ነገር ትዝታው አብሮ ወስዶበት ይሆናል።

ልጁን በተመለከተ ነገሩ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። የሆልምስ የመጀመሪያ ታሪክ በ1888 በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ ስድስቱን ሥዕሎች የሠራው ሆስፒታል ያለው አባት ነው። ሆልምስን ጺም አብቅሎለታል፤ ጺሙ ደግሞ የራሱ የቻርልስ ጺም ነው! ሥዕሎቹ ደካሞች ናቸው፣ አላሞግሳቸውም፤ የታዘዘውን የሠራ፣ የማይወደውን የሣለ እጅ ያስታውቃል። አርተር በ1890፣ ከዚህ ደብተር አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ያበደ አባቱን በገጠር ሰዋራ ቦታ ደብቆ ስለሚጠብቅ አንድ ሐኪም አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። አርተርም ሐኪም ነው። በ1917 በታተመ ታሪክ ውስጥ ሆልምስ የመጨረሻ ተልእኮውን ሲወጣ የያዘው የሐሰት ስም ‹‹አልታሞንት›› ነበር። በ1924 የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ግን አባቱ የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈበትን ቦታ የማገገሚያ ቤት ብሎ አለፈው። በዚያው ዓመት የአባቱን ሥዕሎች ለንደን ላይ ለሕዝብ አሳየ፤ ከቤተሰቡ ሠዓሊዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ እንደሆነም መሰከረለት። የዘገየ ደረሰኝ እንበለው።

በመካከሉ የኮቲንግሌይ ነገር አለ። በ1917 ሁለት የዮርክሻየር ልጃገረዶች ከፌይሪ ጋር የተነሣነው ነው ያሉትን ፎቶግራፍ አወጡ። ሆልምስን የፈጠረው ሰው በ1920 ይህንኑ እውነት ነው ብሎ በመጽሔት አስነበበ፤ በ1922 መጽሐፍ ጻፈበት። አገር ሳቀበት። ሴቶቹ በስተርጅና፣ በ1983፣ ምስሎቹ ከወረቀት ተቆርጠው የተሠሩ መሆናቸውን አመኑ። አርተር እነዚያን የወረቀት ምስሎች ሲያይ ምን እንዳየ ለመገመት ይህን አልበም ማገላበጥ ይበቃል። አባቱን እብድ ያሰኘው ነገር ፎቶግራፍ ሊነሣ የሚችል እውነት ቢሆን ኖሮስ? ይህን ያሰበ ልጅ ላይ እኔ አልስቅም።

የአልበሙን አዘጋጅ የምነቅፈው በአንድ ነገር ነው። የመጽሐፉ ንዑስ ርእስ የኮናን ዶይል የመጨረሻው ታላቅ ምስጢር ይላል፤ በዚያም ላይ እንግዳ ስለሆነው ስለ ቻርልስ ዶይል ‹‹ጉዳይ›› በሆልምስ ዘዴ የተደረገ ምርመራ ተጨምሮበታል። ለገበያ መሆኑ ይገባኛል፤ ወዳጄንም ያስገዛው ይኸው ነው። ግን ሰውየው በሕይወት ሳለ የሆስፒታል ‹‹ጉዳይ›› ነበር፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ የመርማሪ ‹‹ጉዳይ›› አደረጉት። ማብራሪያዎቹ ስለ ቤተሰቡ ምስጢር ብዙ ይላሉ፤ ስለ መስመሩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለተወው ነጭ ወረቀት ግን እምብዛም። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው፣ የሕልም ፍጡራን ዙሪያውን ከብበውት የተቀመጠበት የራሱ ሥዕል ከዚህ ደብተር ጎን ቢታይ፣ ስለ እጁ ብዙ ማለት ይቻል ነበር።

ስለ አልበሙ የማልጠራጠርበት አንድ ገጽ አለ። ሞት በአጽም ተመስሎ መጥቷል፤ ቻርልስ እንደ ቆየ ወዳጅ እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል። ለካቶሊክ ሰው ከሕይወት ሁሉ ጣፋጩ ከሕይወት መውጣቱ ነው የሚል አሳብ በደብተሩ ውስጥ ጽፏል። እዚህ ገጽ ላይ ግን ምንም ነገር ማስረዳት አልፈለገም፤ ዳኛ አልጠራም፣ አቤት አላለም። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊቱ የረጋ ነው። ይህን ከሣለ በኋላ አራት ዓመት ያህል ቆየ። ወደ ኤድንበራ፣ ከዚያም ደምፍሪስ ወዳለው ክራይቶን ሮያል ሆስፒታል አዛወሩት። ኦክቶበር 10 ቀን 1893 እዚያው ሞተ።